ለጎጃም ደጋ የትኛው የሥጋ ዶሮ ይሻላል? ብሮይለርን፣ ሳሶን፣ ኮይኮክንና የሐበሻን ዶሮ ማወዳደሪያ

የሥጋ ዶሮ ለማርባት ያሰበ ሰው ደብረ ማርቆስ ላይ ሲያገኘኝ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ቤቱ ነው። ስንት ካሬ ሜትር ይበቃል? ወለሉ ሲሚንቶ ይሁን ወይስ አፈር? ጣሪያው ስንት ቅጠል ቆርቆሮ ይፈጃል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። የሥጋ ዶሮ ሥቃይ የሚጀምረው ከቤቱ በፊት ከዘሯ ነው። መጥፎ ቤት ይታደሳል። እግሯ የማይሸከመውን ሥጋ በአርባ ቀን እንድታወጣ ተደርጋ የተዳቀለችን ጫጩት ግን የሚያድሳት ቤት የለም።

ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ዘሮችን ነው፤ ቤቱ፣ መኖውና ገበያው ዘሩን ተከትለው ይመጣሉ። ሁለት ነገር እመዝናለሁ፦ ዶሮዋ በሕይወት ሳለች የምትኖረው ኑሮ ምን ዓይነት ነው፤ አርቢውስ ከዚህ ከደጋው ላይ ሆኖ ምን ያተርፋል። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ ዶሮ ለማርባት የሚነሣው ወጣትና እናት በዝቷል። ደስ ይለኛል። ነገር ግን ብዙዎቹ የሚነሡት «ቶሎ የሚደርሰው የትኛው ነው?» ከሚለው ጥያቄ ነው፤ እኔም የጀመርሁት ከዚያው ነበር።

ነጩ ብሮይለር

በዓለም ትልልቅ እርባታዎች ውስጥ የሚያድጉት የሥጋ ዶሮዎች በአብዛኛው ከጥቂት አዳቃይ ኩባንያዎች የሚወጡ ድቅሎች ናቸው። ብሮይለር የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ ከዘሮቻቸው ሮስ 308 እና ኮብ 500 በሰፊው ይታወቃሉ። ፍጥነታቸውን ለመረዳት አንድ የካናዳ ጥናት ይበቃል። የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1978 የነበሩትን፣ ሳይሻሻሉ ተጠብቀው የቆዩ የሥጋ ዶሮ ዘሮች ወስደው ከ2005ቱ ሮስ 308 ጋር ጎን ለጎን፣ አንድ ዓይነት መኖ እያበሉ አሳደጓቸው። በ56ኛው ቀን ሲመዘኑ የ1957ቷ 905 ግራም፣ የ1978ቷ 1,808 ግራም፣ የ2005ቷ 4,202 ግራም ሆኑ። መኖው አንድ ነው፤ ቀኑም አንድ ነው። የተለየችው ዶሮዋ ራሷ ናት።

ሥጋው ሲሮጥ አጥንቱ፣ ልቡና ሳንባው ወደ ኋላ ቀርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት የ51,000 ያህል ዶሮዎች አረማመድ በአማካይ በ40ኛ ቀናቸው ተመርምሮ፣ 27.6 በመቶ የሚሆኑት በችግር የሚራመዱ፣ 3.3 በመቶው ደግሞ ለመራመድ ከሞላ ጎደል የተሳናቸው ሆነው ተገኝተዋል። የአርባ ቀን ዶሮ እኮ ጫጩት ናት። ድምፅዋ እንኳ ገና አልጎረመሰም።

ብዙ ሰው ፋብሪካ መሰል እርባታ ሲባል በዓይኑ የሚመጣበት የሽቦ ሣጥን ነው። ሽቦው ይበልጥ የሚሠራው ለእንቁላል ጣይዋ ነው። የሥጋ ዶሮ በአብዛኛው የምታድገው ወለል ላይ ነው፤ ጣሪያው የተዘጋ፣ አሥር ሺዎች በአንድነት የሚኖሩበት አዳራሽ ውስጥ። የመጀመሪያው ሳምንት ሰፊ ሜዳ ይመስላል። አምስተኛው ሳምንት ላይ ወለሉ አይታይም፤ ከግድግዳ ግድግዳ ነጭ ላባ ብቻ ነው። ብዙ እንዲበሉ መብራቱ ሌሊቱን አብዛኛውን ይበራል። ጉዝጓዙ ከገቡበት ቀን እስከ ሚወጡበት ቀን አይቀየርም፤ ኩስ ይጠጣል፣ ይረጥባል፣ አሞኒያ ይተናል። መቆም የከበዳት ዶሮ ቀኑን ሙሉ የምትተኛው እዚያ ላይ ነውና እርጥቡ ኩስ የእግሯን መዳፍ፣ ቁርጭምጭሚቷንና የደረቷን ቆዳ ይልጠዋል።

ስለ ወላጆቻቸውም አንድ ነገር ልበል፤ ጫጩት ገዢው ፈጽሞ አያያቸውም። ለሥጋ የተዳቀሉ ዘሮች እናትና አባት እንደ ልባቸው ከበሉ ወፍረው ይሞታሉ ወይም ዘር መተካት ያቅታቸዋል። ስለዚህ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚሰጣቸው መኖ ከሚመኙት እጅግ ያነሰ ነው። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» የምንለው ተረት ለእነርሱ ተረት አይደለም።

አውሮፓውያን ለዚህ ሁሉ ወሰን ለማበጀት ሞክረዋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ሕግ በአንድ ካሬ ሜትር ከ33 ኪሎ ግራም በላይ ዶሮ እንዳይታጎር ይላል፤ የአየር ማናፈሻና የሞት መጠን መመዘኛዎችን ላሟላ ግን እስከ 39፣ ከዚያም እስከ 42 ኪሎ ይፈቅዳል። ሁለት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም በምትመዝን ዶሮ ሲሰላ 33 ኪሎ ማለት አሥራ አምስት ዶሮ፣ 42 ኪሎ ማለት አሥራ ዘጠኝ ዶሮ ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ጨለማ፣ ከዚያም ውስጥ አራቱ ያልተቋረጡ እንዲሆኑ ያዝዛል። የኅብረቱ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ጉዳዩን ዳግመኛ መርምሮ የሰጠው ምክር ግን ከሕጉ እጅግ የራቀ ነው፦ በካሬ ሜትር 11 ኪሎ፣ ዕለታዊ ዕድገት ደግሞ ከ50 ግራም እንዳይበልጥ። በዚያችው ዶሮ ሲሰላ አምስት ዶሮ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ምክር የሚመለከተው ቤቱን ሳይሆን ዘሩን መሆኑን ልብ በሉልኝ። ሮስና ኮብ በስድስት ሳምንት ውስጥ በአማካይ በቀን ከ50 ግራም ዘልለው ይሄዳሉ።

ከፍታው

እስካሁን የተናገርሁት በሆላንድም በብራዚልም ያለ ነው። የእኛ የጎጃሞች ጉዳይ ከዚህ ይጀምራል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት መቶ ብሮይለሮች ያስገባሁት ሰኔ ማብቂያ ላይ ነበር። ጫጩቶቹን የሸጠልኝ ነጋዴ ስለ ክትባቱም ስለ መኖውም አስረድቶኛል፤ ስለ ከፍታ ግን አንድም ቃል አልተናገረም። ሐምሌ የደብረ ማርቆስን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። መጋረጃውን ሁሉ ዘጋሁ፤ ከሰል አነደድሁ። አራተኛው ሳምንት ላይ የአንዳንዶቹ ኩክኒ ከቀይነት ወደ ወይን ጠጅነት ይለወጥ ጀመር። አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ፤ ሆዳቸው ወደ ታች ወርዷል። በነጋታው ጠዋት ሦስቱን በጀርባቸው ተንጋለው አገኘኋቸው።

ጎረቤቱ ሁሉ «ፈንግል ነው» አለ፤ ተላላፊው የዶሮ ወረርሽኝ ማለቱ ነው። አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ለምኜ አመጣሁ፤ አንዷን የመኖ ጆንያ ላይ አጋድሞ ሆዷን ቀደደው። ቢጫ ውሃ፣ የቀጠነ ጠጅ የመሰለ፣ ጆንያውን አልፎ ጫማዬ ድረስ ፈሰሰ። ጉበቷ ላይ እንደ ቀዘቀዘ መረቅ የረጋ ስስ ነገር ተለጥፏል። ልቧን በጣቱ ነካ አድርጎ አሳየኝ፤ አብጦ ልል ሆኗል። «ይህ በሽታ ተላልፎባት የመጣ አይደለም፤ ልቧ ደክሟት ነው የሞተችው» አለኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ አገር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የዶሮ ሳንባ እንደ እኛ ሳንባ የሚነፋና የሚጠብ ሳይሆን ከጎድኗ ጋር የተጣበቀ ነው፤ ሲቸግር የሚሰፋበት ቦታ የለውም። ኦክስጅን ሲያጥር የሳንባዋ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ የልቧ ቀኝ ጎን በጠበበው መንገድ ደም ለመግፋት ይታገላል፣ ያብጣል፣ በመጨረሻም ይዝላል። ወደ ኋላ የተመለሰው ደም ጉበቷን ያጨናንቀውና ውሃው ወደ ሆዷ ይንጠባጠባል። በእንግሊዝኛው «አሳይትስ» ይባላል፤ በመጀመሪያ ትኩረት የሳበውም እንደ ቦሊቪያና ሜክሲኮ ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች በሚረቡ የሥጋ ዶሮዎች ላይ ነው። በፍጥነት የሚያድግ ሥጋ ብዙ ኦክስጅን ይጠይቃል። ብርድ ሲጨመርበት ሰውነቷን ለማሞቅ ሌላ ኦክስጅን ይጠይቃል። እኔ ደግሞ መጋረጃ ዘግቼ ከሰል በማንደድ የቀረችውን አየር አበላሸሁባት። ከሁለት መቶዎቹ ውስጥ ሠላሳ አንድ ሞቱብኝ። እያንዳንዷ ቀን ከቀን እየታፈነች መሆኑን ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

የሐበሻ ዶሮ ግን በዚሁ ከፍታ፣ በዚሁ ብርድ ትኖራለች። ቀስ ብላ ስለምታድግ ልቧ አይቀደምም።

ለዚህ ነው ለእንጅባራ፣ ለደብረ ማርቆስ፣ ለሞጣ፣ ለቢቸናና ለመሳሰሉት ደጋ አገሮች ነጩን ብሮይለር የማልመክረው። ባሕር ዳርና ጣና ዙሪያ 1,800 ሜትር ገደማ ናቸውና አደጋው ይቀንሳል፤ አይጠፋም። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ደግሞ ከብርዱ ይልቅ ሙቀቱ ይገድላቸዋል፤ የከበደ ሰውነት ሙቀት አይችልም።

የጾም ቀን መቁጠሪያና የ42 ቀን ዶሮ

ስለ ገበያው የምለው ከዶሮዋ ደኅንነት የራቀ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። ብሮይለር በ42 ቀን ትደርሳለች፤ ከደረሰች በኋላም ማደጓን አታቆምም። ጎጃም ላይ ደግሞ ዶሮ የሚበላው ጾሙን ተከትሎ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የአንዲት ብሮይለር ሙሉ ዕድሜ ከጾሙ ያጥራል። ጫጩቶቹ ጾሙ ከመግባቱ ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው ከገቡ በጾሙ መካከል ይደርሳሉ፤ የሚገዛቸው ግን የለም። አርቢው መኖ ያበላል፤ ዶሮዎቹ ሦስት ኪሎ፣ ሦስት ተኩል፣ አራት ኪሎ ይሆናሉ። በሰባተኛውና በስምንተኛው ሳምንት ነው ተነሥተው ውሃ መጠጣት የሚያቅታቸው፤ ውሃው ሁለት እርምጃ ላይ እያለ።

የነቢያት ጾም ለእርሷ ይመቻል። ኅዳር 15 የገባች የአንድ ቀን ጫጩት የገና ዋዜማ ላይ 43 ቀኗ ነው። ብሮይለር የግድ ማርባት ያለበት ሰው ይህንን አንድ ዙር ቢይዝ፣ ክረምትንና ዐቢይ ጾምን ቢተው እላለሁ።

ብሮይለርን ያስገባ ሰው ምን ያድርግ?

ገንዘብ አውጥታችሁ ያስገባችሁ ካላችሁ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ፤ ሥቃያቸውን መቀነስ ይቻላል። በካሬ ሜትር አምስት ብቻ አድርጉ፤ አሥር ይበቃል የሚላችሁ ሰው ስለ ቦታው እንጂ ስለ ዶሮዋ አላሰበም። መኖውን እንክብል ሳይሆን ዱቄት አድርጉት፤ ቀስ ብላ ትበላለች፣ ዕድገቷም ይረግባል። ሌሊት ቢያንስ ስድስት ሰዓት ጨለማ ስጧቸው። ለብርዱ መጋረጃውን ከታች ዝጉ፣ ከላይ ግን ሁልጊዜ ክፍት ይሁን፤ ወደ ውስጥ ገብታችሁ ዓይናችሁን አሞኒያ ካቃጠለው እነርሱን ከትናንት ጀምሮ አቃጥሏቸዋል። ጉዝጓዙን በየቀኑ ገልብጡት፤ ውሃ መጠጫው ሥር የረጠበውን አውጥታችሁ ደረቅ ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ የጤፍ ገለባ ተኩበት። በ35ኛው ቀን፣ እግራቸው ሳይከዳቸው፣ መሸጥ ጀምሩ።

ይህ ሁሉ ግን ልክ የሌለውን ዕድገት መግታት ነው። መጀመሪያውኑ ዕድገቱ ልክ ያለውን ዘር መምረጥ ይቀላል።

ሳሶና ኩሮይለር

የእኔ ምርጫ እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱን በዝርዝር ልንገራችሁ።

ሳሶ ከፈረንሳይ የመጣ ዘር ነው። ፈረንሳዮች «ላቤል ሩዥ» የሚሉት የጥራት ምልክት አላቸው፤ ይህን ምልክት የሚይዝ ዶሮ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዘር መሆን፣ ውጭ መውጣትና ከመታረዱ በፊት ቢያንስ 81 ቀን መኖር አለበት። የሳሶ ዓይነት ባለ ቀለም ዶሮዎች የተዳቀሉት ለዚህ ዓይነቱ አረባብ ነው። ኩሮይለር ደግሞ ከህንድ ነው፤ ለገጠር ጓሮ ታስቦ የተዳቀለ። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም በመራው የአፍሪካ ዶሮ ዘር ማሻሻያ ፕሮጀክት ሁለቱም ከኮይኮክና የአገር ውስጥ ዘር ከሆነው ከሆሮ ጋር በኢትዮጵያ ገበሬዎች ጓሮ ተሞክረዋል፤ በክብደት ሳሶና ኩሮይለር በልጠው ተገኝተዋል።

ሳሶ በደንብ ከተቀለበ በሦስት ወር ሁለት ኪሎ ገደማ ይሆናል። በቀን ከ25 ግራም ብዙ አይርቅም፤ አውሮፓውያኑ ከመከሩት ወሰን ግማሽ ነው። ልዩነቱን በወረቀት ሳይሆን በዓይኔ ያየሁት በአንዲት አጣና ነው። ብሮይለሮቹ ሳሉ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ አጣና አጋድሜላቸው ነበር። አመሻሽ ላይ አንዲት መጣች፤ አጣናውን አየችው፣ አንድ እግሯን አነሣች፣ መለሰችው፣ ከዚያ አጣናው ሥር ተኛች። የዶሮ ደመ ነፍስ «ፀሐይ ስትጠልቅ ቆጥ ላይ ውጪ» ይላታል፤ ሰውነቷ አልቻለም። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ቤት ሳሶ አስገባሁ። በሦስተኛው ሳምንታቸው አጣናው ላይ እንደ ሻማ ተደርድረው አገኘኋቸው። ከፍ አደረግሁት፤ ተከተሉት።

ቀን ቀን ደግሞ ግቢ ይለቀቃሉ። የጫረች ዶሮ ካራ ታወጣለች ተብሎ ቢተረትባትም መጫር ሥራዋ ነው፤ ጥሬ ባይኖር እንኳ ትጭራለች። እኩለ ቀን ላይ ደረቅ አፈር ውስጥ ጎድጓድ ቆፍራ፣ ክንፏን ዘርግታ፣ አፈሩን በላባዋ ውስጥ ስታራግፍ ያያት ሰው ምቾት ምን እንደሆነ አይጠይቅም። በነጩ ብሮይለር ቤት ውስጥ ይህ ሁሉ የለም።

ጥቅሙ ለአርቢውም ነው። ሳሶ መጠበቅ ትችላለች። ጾም ቢመጣ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ የተመጣጠነ መኖ ቢጠፋ፣ የቡሬ በቆሎና የኑግ ፋጉሎ፣ ከቤት የተረፈ ጥሬና ቅጠል እያበሉ ሁለት ሳምንት ማቆየት ይቻላል፤ አትታመምም፣ እግሯም አይሰበርም። ላባዋ ቀላ ያለ በመሆኑ በበዓል ገበያ ነጭ ዶሮ አልፈልግም የሚለው ገዢ አይሸሻትም። ሥጋዋም ቁሌት ውስጥ ገብቶ ይቆያል። የብሮይለር ሥጋ ግን በርበሬው ሳይበስል ከአጥንቱ ይለቅና አሥራ ሁለቱ ብልት ድስት ውስጥ ይጠፋል። ለሆቴል ጥብስና አሮስቶ ብሮይለር ይሻላል የሚሉ ባሕር ዳር ያሉ ምግብ አብሳዮች አሉ፤ ለጥብስ እውነታቸውን ነው።

ጉድለቷንም ልንገራችሁ። ለአንድ ኪሎ ሥጋ የምትበላው መኖ ከብሮይለር እጥፍ ሊጠጋ ይችላል፤ ግቢ ሳይለቋት ከረጢት መኖ ብቻ የሚያበሏት ሰው ይከስርባታል። እንደ ሐበሻ ዶሮ ስለማትታቀፍ በየዙሩ ጫጩት መግዛት ግድ ነው። ፈንግልንም አትችልም። ክትባቱ ሳይዛነፍ መሰጠት አለበት፤ በውሃ የሚሰጠውን ላሶታ የተባለ የፈንግል ክትባት ክሎሪን ባለበት የቧንቧ ውሃ መበጥበጥ ክትባቱን መድፋት ነው።

ጀማሪ ለሆነ ሰው የአንድ ቀን ጫጩት ከመግዛት ተከትቦ ያደገውን የ45 ቀን መግዛት ይሻላል። ደጋ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ብርድ ልምድ ያለውንም ይፈትናል።

ኮይኮክ

ስለ ኮይኮክ ብዙ አልልም፤ ከሥጋ ይልቅ ለእንቁላል የምትመረጥ ናት። ደቡብ አፍሪካ፣ ፖቸፍስትሩም ላይ የተዳቀለች፣ ዝግርማ ላባ ያላት፣ ጠንካራ ዶሮ ናት። የምወድላት ወንዱም ጫጩት የሚፈለግ መሆኑን ነው። ለእንቁላል ብቻ በተዳቀሉት ዘሮች ወንዶቹ በአብዛኛው በተፈለፈሉበት ቀን ይወገዳሉ፤ የኮይኮክ አውራ ግን አድጎ ለበዓል ይሸጣል። እንቁላልም ሥጋም የሚፈልግ ቤተሰብ ሃያ ኮይኮክ ቢይዝ አይቆጭም።

የሐበሻ ዶሮ

ቲሊሊ፣ ደብረ ኤልያስ፣ መጫ፣ ጓንጓ። እነዚህ የጎጃምና የአዊ አካባቢዎች በተመራማሪዎች ጥናት ውስጥ የየራሳቸው የዶሮ ዓይነት ያላቸው ሆነው ተመዝግበዋል። ገበያ የሚወጣ ሰው ግን የሚያውቃቸው በላባቸው ነው፦ ቀይ፣ ገብስማ፣ ወሰራ፣ ዝግርማ፣ ነጭ፣ ጥቁር። ድርብ ኩክኒ ያለው ቀይ አውራ ለፋሲካ የሚጠየቅበትን ዋጋ የማያውቅ የለም።

በኑሮዋ ነጻነት የሐበሻን ዶሮ የሚያህል የለም። ትጭራለች፣ ቆጥ ትወጣለች፣ ትታቀፋለች፣ ጫጩቶቿን ክንፏ ሥር ሰብስባ ታሳድጋለች፤ በፋብሪካ የምትፈለፈል ጫጩት እናቷን አታውቅም። ሆኖም የሐበሻ ዶሮ ኑሮ ሁሉ መልካም ነው ብዬ አልዋሽም። ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ብዙዎቹ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ያልቃሉ። ጭልፊት አለ፣ ሸለመጥማጥ አለ፣ ብርድ አለ። ክረምት መግቢያ ላይ ፈንግል ሲገባ የመንደሩን ዶሮ በሳምንት ይጠርጋል፤ እርሱም ጭካኔ የሌለበት ሞት አይደለም።

አንዲት የሠፈራችን እናት ለሰባት ጫጩቶቿ የቀርከሃ ቅርጫት ደፍታ፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ጭና፣ ጠዋት ጠዋት እናት ዶሮዋን ከውጭ ታስራለች። «ልጄ፣ ጭልፊቱ ፊደል አይቆጥርም፤ ለስድስት ሳምንት ብቻ ከጠበቅሃቸው ከዚያ ወዲያ ራሳቸው ያመልጣሉ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እናትየውን ግን ከማሰር እርሷንም ቅርጫቱ ውስጥ ማስገባት ይሻላል ብያት፣ ሰፋ ያለ ቅርጫት አሠራች። ማታ የተዘጋ ማደሪያ፣ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ የፈንግል ክትባት፣ በየቀኑ ንጹሕ ውሃና አንድ እፍኝ ጥሬ፤ ይህን ያህል ከተጨመረላት የሐበሻ ዶሮ በእኔ ሚዛን ከሁሉም ትቀድማለች።

የምትይዘው ሥጋ ግን አነስተኛ ነው፤ ያደገች ሴት ዶሮ ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙም አትርቅም፣ ለመድረስም ከግማሽ ዓመት በላይ ትፈልጋለች። በአምስት መቶ ዶሮ ንግድ ለመጀመር አትሆንም። ለቤት ፍጆታና ለበዓል ገበያ አሥር ሃያ ለሚይዝ ቤት ግን ሌላ ዘር አልመክርም።

ለበዓል የምትገዙ

የማያረባ ሰውም ይመርጣል። ዶሮ ስትገዙ ክብደቷን በእጃችሁ ከመገመታችሁ በፊት የእግሯን ገመድ አስፈቱና አስር እርምጃ አስኪዷት። ሦስት እርምጃ ሄዳ የምትቀመጥ ከሆነ ታማለች ወይም ከአቅሟ በላይ ከብዳለች። እግሯን ገልብጡና መዳፏን እዩ፤ ጥቁር ቁስል ካለበት ያደገችው እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ነው። ቁርጭምጭሚቷ ጠቁሮ፣ ደረቷ መልጦ ከሆነም እንደዚያው። ኩክኒዋ ወደ ወይን ጠጅ የሄደ፣ አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ዶሮ ሻጩ ምንም ቢምል አትግዙ። ባለ ሆቴሎችም አቅራቢያችሁን በካሬ ሜትር ስንት እንደሚያኖር፣ በስንት ቀን እንደሚያወጣ ጠይቁት፤ ሳያፍር የሚመልስላችሁን ያዙ።

ከገዛችሁ በኋላ ቁልቁል አንጠልጥላችሁ አትውሰዷት። ዶሮ እንደ እኛ ሆድና ደረትን የሚለይ ጡንቻ የላትም፤ ስትገለበጥ አንጀቷ ሁሉ ወርዶ የአየር ከረጢቶቿን ይጫናል። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ እንደዚያ ታስራ ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ የምትሄድ ዶሮ መንገዱን ሙሉ የምትታገለው ለትንፋሽ ነው። በሁለት እጃችሁ ክንፎቿን ጠቅልላችሁ ደረታችሁ ላይ ያዟት፤ ወይም ቅርጫት ይዛችሁ ሂዱ። እኔ የሳሶ ገዢዎቼ ሲመጡ ከበሩ ላይ አሮጌ ካርቶን ቀዳድጄ እሰጣቸዋለሁ። ሁለት ዶሮ በምቾት ይይዛል፤ ቀዳዳው በአራቱም ጎን ከሆነ አየሩ ይዘልቃል፤ ታችኛው ላይ ደግሞ እንዳይንሸራተቱ ገለባ አደርጋለሁ።